የአሥር ቀን ስኒ

አንድ ስኒ ጨው ስንት ይመዝናል? ፖሊሱ መቶ አለቃ ዱሬሳ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወዳለው ልቅሶ ቤት ሲገባ መልሱን አያውቀውም ነበር። ጡረተኛው የሐዲድ ሠራተኛ ቀናው ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሐኪሙ «ልቡ ደካማ ነበር፤ አብጦ የሞተው ጨው በዝቶበት ነው» ብሎ ጽፏል። የሟቹ ወንድም ሳህሌ፣ በድሬዳዋው ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪ የሆነው፣ «ሚስቱ ገደለችው» ብሎ ከሷል። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ ሚስትየዋ የሺሐረግ ከርቸሌ መውረዷ ነው።

ነጠላዋን ዘቅዝቃ ማድ ቤት ተቀምጣ አገኛት።

«ምግቡን ማን ነበር የሚሠራለት?»

«እኔ ነኛ። አልጫ፣ ለብቻው ድስት። ‹የጾም ጾም አበላሽኝ› እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

«እርስዎስ?»

«የኔ በርበሬ ጨው ያለበት ነው። ይቺ የጨው ሣጥን የሱ ብቻ ነበረች።»

ከመቀነቷ ቁራጭ ወረቀት ፈታች። ድሬዳዋ ነርስ የሆነችው አንድ ልጃቸው ያለምወርቅ ለፋሲካ መጥታ፣ በመድኃኒት ሚዛን ለክታ የጻፈችው ነው፦ «ለአባባ በቀን አምስት ግራም። በቡና ስኒያችን አንድ ስኒ ለአሥር ቀን።»

«የስኒውን አፍ በቢላ እያስተካከልኩ ነው የሰፈርኩት» አለች። «አንድም ቀን አልጨመርኩም።»

ዱሬሳ ሣጥኑን ከፈተ። ጨዉ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው። ጥግ ላይ ያለው ሙቀጫ ሸረሪት አድርቶበታል።

«ምን ነበር የሚወቀጥበት?»

«ጨው። ከግንቦት ወዲህ ግን የተፈጨ መጣልን፤ ተገላገልኩ።»

ድንኳን ውስጥ ሳህሌን ጠጋ አለው።

«የተፈጨውን ጨው እርስዎ ነዎት ያመጡት?»

«አንድ ኪሎ። ምነው ልጄ፣ ገዳይዋ ማድ ቤት ተቀምጣ እኔን ትመረምራለህ?»

«ማን አዘዘዎት?»

«እሱ ራሱ። ‹የየሺን ትከሻ ሙቀጫ ጨረሰው፤ የተፈጨ አምጣላት› ብሎ ለመነኝ።»

አመሻሹ ላይ ዱሬሳ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበ። አንጥረኛው በቀለ የወርቅ ሚዛኑን ይዞ መጣ። ዱሬሳ ከማሰሮ ሥር የተረፈውን፣ በሙቀጫ የተሰባበረ አሮጌ ጨው በስኒው ሰፈረ።

«ያለምወርቅ የለካችው ይህን ነው።»

«አምሳ ግራም» አለ በቀለ።

ዱሬሳ ስኒውን ገልብጦ ደቃቁን ሞላበት፤ አፉንም በቢላ አስተካከለ። በቀለ መመዘኛውን ደጋግሞ ጨመረ።

«ዘጠና።»

«ስኒው ያው አይደል እንዴ?» አለ ሳህሌ።

«ያው ነው» አለ ዱሬሳ። «በስባሪው መሐል ግን ክፍተት አለ፤ ስኒው ግማሽ አየር ይሰፍር ነበር። ደቃቁ ክፍተት የለውም፤ በቀን አምስት ግራም የነበረው ዘጠኝ ሆነ።»

«ሁለት ስኒ አለማድረጓን በምን አወቅህ?»

«እርስዎ አንድ ኪሎ ካመጡ እሱ እስኪሞት ስድሳ ቀን ነው። ስድስት ስኒ ማለት ነው። ስድስት ጊዜ ዘጠና፣ አምስት መቶ አርባ። በሣጥኑ የቀረውን መዝነነዋል፤ አራት መቶ ስልሳ። ኪሎው ሞላ። ወይዘሮ የሺሐረግ ከታዘዙት አንዲት ስኒ አላለፉም። እዚህ ቤት ገዳይ የለም፣ አቶ ሳህሌ።»

የሺሐረግ ቀኝ ትከሻዋን በግራ እጇ ያዘች።

«የተፈጨውን ያስመጣው ለኔ ብሎ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ ሳህሌን አየችው። «ልጄስ? ባቡሩ ሁለቴ መጣ፤ ለምን አልወረደችም?»

ሳህሌ መሬት መሬቱን አየ።

«ቴሌግራም ልኬባታለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«‹አባትሽን፣ አንቺ በለካሽው ጨው እናትሽ ገደለችው› ብዬ።»

ዱሬሳ ኮፍያውን አንሥቶ ወደ ጣቢያው ሄደ። የሺሐረግ በዘቀዘቀችው ነጠላ ተከተለችው። ማንበብ ስለማትችል፣ የጻፈውን ቴሌግራም ሁለት ጊዜ አነበበላት፦

«ልክሽ ትክክል ነበር። የተለወጠው ጨዉ ነው። ማንም አልገደለውም። እናትሽ ጣቢያ ትጠብቅሻለች።»

ሐምሌ አለቀ፤ ነሐሴም። የድሬዳዋው ባቡር በመጣ ቁጥር የሺሐረግ ከሐዲዱ ዳር ትቆማለች፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ወደ ቴሌግራም መስኮቱ ትዞራለች። ሠራተኛው ገና ሳትጠይቀው «መልስ የለም» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።