ያልተጻፈው ብሎክ

ልጆቼ፣ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። ነገሩ ግን ሆኗል። የሆነውም በእህቴ ልጅ በእመቤት ላይ ነው።

ጨለማ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግታ...

ልጅቱ የኮምፒውተሩን ልብ፣ ከርነል የሚሉትን ነው የምትሠራው። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፤ እሷ እንዳስረዳችኝ ልንገራችሁ። ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ በቁራሽ በቁራሽ የተቀመጠ ነው፤ ቁራሹን ብሎክ ይሉታል። ፋይል ሲስተም የሚሉት የብሎኮቹ ጠባቂ ድሮ የተጠየቀውን አንዱን ብሎክ ብቻ ነበር የሚያመጣው፤ ከጓዳ አንድ አንድ ሳህን እንደሚያመላልስ አስተናጋጅ። እሷ ቀየረችው። ቀጣዮቹንም ሳይጠየቅ አስቀድሞ አንብቦ እንዲያመጣ።

ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነው። አለቃዋ ግን "ዛሬ ሞክሪው። እንከን ከተገኘና ጥፋቱ የኮድሽ ከሆነ ትሰርዢዋለሽ፣ አበቃ" ብሏታል።

ዲስክ ሰካች። ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ሞልታ ባዶ አደረገችውና በአዲሱ ኮዷ አስነበበችው።

ዜሮ... ዜሮ... ዜሮ...

ከዚያ ፊደል መጣ።

"እመቤት፣ ዛሬም አልቀናሽም?"

ማን ጻፈው? ዲስኩን ባዶ ያደረገችው ራሷ ናት!

በሩ ተከፈተ። ቀልደኛው የሥራ ባልደረባዋ አንገቱን አሰገገ።

"እመቤት፣ ዛሬም አልቀናሽም?"

ክው አለች።

"ና... ና እይ" አለችው በሹክሹክታ።

ሌላ ብሎክ መጣ። "ስልኩ ይጠራል።"

ስልኩ ጠራ።

ማንም አላነሳውም።

"ኮድሽ ነው... ኮድሽ አብዷል!" አላት ቀልደኛው፣ ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት።

"ቆይ። እናጣራ።"

ማሽኑን በድሮው ከርነል አስነሳችው። የእሷ ኮድ የሌለበት ነው። አስነበበች። አንድ አንዱን... አንድ አንዱን... ፊደል ደግሞ መጣ።

"ፈራች። ሥራዋን ሰረዘች።"

"አየህ? በድሮውም ያው ነው። የኔ ጥፋት አይደለም።"

"ባይሆንስ! ሰርዢው፣ በእናትሽ!"

ጣቷ ወደ መሰረዣው ቁልፍ ሄደ... እሷ ሳታዘው። ልጆቼ፣ ሳታዘው!

እዚህ ላይ ነው የእህቴ ልጅነቷ የታየው። ቀኝ እጇን በግራዋ ጨምድዳ ያዘች።

"ስማ" አለችው ስክሪኑን። "ማንም ሁን ማን። የኔን ነገ አንተ አትነግረኝም። አልሰርዝም!"

ቀኝ እጇን ጭኗ ሥር ቀብራ፣ በግራ እጇ ኮዱን ለአለቃዋ ላከችው። ዓመት ሙሉ የለፋችበትን፣ አንድ መስመር ሳትቀንስ።

ቀጥላም ገመዱን መንጭቃ ነቀለችና ዲስኩን መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

ገመድ የለው፣ መብራት የለው...

ከውስጡ ግን ጠቅ... ጠቅ... ይላል። ይሽከረከራል።

ቀልደኛው ወደ በሩ አፈገፈገ። "ጣይው!"

አልጣለችውም። ወደ ፊቷ አስጠጋችው።

"ቀጥሎ የማደርገውን አንብብ እንግዲህ" አለችው።

መዳፏ ላይ ጠቅታው ፈጠነ።