ሐሙስ የምትመጣዋ ደንበኛ

በባሕር ዳር ገበያ ቅመም ተራ ውስጥ የኡሙሰልማን ሱቅ የማያውቅ አልነበረም። ሱቅ ከተባለ ነው እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም የቆርቆሮ ጥግ ነበር። በዚያች ጥግ ገቢ ግን አራት ነፍስ ይተዳደር ነበር፦ ራሷ ኡሙሰልማ፣ ባሏ ሙሀመድየሱፍ፣ የበኩር ልጇ አብዱልበሲጥና ትንሿ ልጇ ሰሚሐ። ሙሀመድየሱፍ ድሮ ከወረታ እህል እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር፤ መንገዱ ሰላም ሲያጣ ንግዱም ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ውሎው ከቤት መስጊድ፣ ከመስጊድ ቤት ሆነ። አብዱልበሲጥ ደግሞ አስረኛ ክፍል ላይ ደብተሩን ዘግቶ ከእናቱ ጎን ቆመ። ማንም አላስገደደውም። “ሁለታችንም ከተማርን ማን ይሸጣል? እሷ ትማር፤ የሷ ጭንቅላት ከኔ ይሻላል” አለ፣ በዚያው አለቀ። ለሱ አለቀ እንጂ ለሰሚሐ አላለቀም። ያንን ቃል ተሸክማ አደገች። ወንድሟ የሰጣት ስጦታ ነበር ወይስ ዕድሜ ልክ እስራት? ልጅቱ ራሷ ለይታው አታውቅም ነበር...

ሰነፍ አልነበረችም! የሚጠራጠር ካለ መጥቶ የተማረችበትን ክፍል ይይ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የፊዚክስ መምህሩ ዓመቱ ሳይጋመስ ለቆ ሄደ፤ ምትክ አልመጣም። በሚቀጥለው ዓመት አንዱን መጽሐፍ ለአምስት ተካፈሉት። አስራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ለወራት ተዘጋ፤ ሲከፈትም ያልተማሩት ምዕራፍ እንደተማሩት ተቆጥሮ ታለፈ። የቤተ ሙከራውን በር ተከፍቶ ያየ ተማሪ የለም። ከዚያ በኋላ የአገር አቀፍ ፈተና መጣና እኩል ናችሁ አላቸው! ያላስተማረ ሲፈትን ትንሽ እንኳ አያፍርም? ሰሚሐ ከሃምሳ በታች አመጣች፤ ለማለፍ አነሰ፣ ሪሚዲያል ለሚሉት ማካካሻ ግን በቃ። ሪሚዲያል ማለት ዩኒቨርሲቲ ገብተሃል፣ ግን አልገባህም ማለት ነው። ከተማሪው ጋር ትበላለህ፣ ከተማሪው ጋር ትተኛለህ፤ ከአራት ወር በኋላ ትፈተናለህ፤ ካለፍህ ተማሪ ነህ፣ ከወደቅህ እንግዳ ነበርህ። የአሥራ ሁለት ዓመት ጉድጓድ በአራት ወር ድፈኑ ተባሉ!

ደቡብ ያለ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ኡሙሰልማ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥራ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት። እዚያ የካፌው ሰልፍ ላይ አንዱ ነባር ተማሪ “እናንተ ሪሚዲያሎች ወደ ኋላ! ገና ሳትገቡ ምን ታካብዳላችሁ?” ሲል የዶርሟ ልጅ ሔራን “አንተ ደግሞ ገብተህ ምን አተረፍህ? ሰልፍ ነው” ብላ ሰውን አሳቀችው። ሰሚሐ ግን አልሳቀችም። እስኪነጋ አጠናች፣ ክብደት ቀነሰች። ቀመሩን ትሸመድደዋለች፤ ቀመሩ የሚቆምበት መሠረት ግን በዘጠነኛ ክፍል ከመምህሩ ጋር ሄዷል። ክረምት ላይ ውጤት ተለጠፈ። ማለፊያው ሃምሳ፣ የሷ አርባ ሰባት። ሔራንም ወደቀች።

አባቷ ደወለ። “አለፍሽ አይደል?” አለ። ጥያቄ አልነበረም። ከኋላው አብዱልበሲጥ “ዶክተሯን አቅርቡልኝ!” እያለ ይስቃል። እናቷ እልል ልትል ትንፋሿን ስትስብ ተሰማት።

“አለፍሁ፣ አባዬ” አለች።

አንድ ቃል ናት። ስንት ዓመት ሙሉ የዋሹትን ትልልቅ ሰዎች ማንም ሒሳብ አልጠየቃቸውም፤ የዚህች ልጅ አንዲት ቃል ግን ቤት አፈረሰች!

ሙሀመድየሱፍ በማግሥቱ ለመስጊዱ ጀማዓ ሁሉ ተናገረ። መንገዱ ስለሚያሰጋም “ለዕረፍት እንዳትመጪ፣ እዚያው ተማሪ” አላት። ሰሚሐ ግን የምታድርበት አልነበራትም፤ ሔራንን ተከትላ ተደብቃ ባሕር ዳር ገባች። ሽምብጥ ሰፈር፣ ከሔራን አክስት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል የአልጋ ልብስ አጣቢ ሆኑ። አንሶላውን ስታሰጣ ጣና ከፊቷ ተዘርግቷል፣ ጀልባው ወደ ደቅ ደሴት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ እሷ ግን በተወለደችበት ከተማ ፊቷን ገልጣ መሄድ የማትችል ሆነች። ኒቃብ ገዛች። ለእምነቷ ሳይሆን ለሐፍረቷ መልበሷ ራሱ ሌላ ጸጸት ሆነባት። ከእናቷ ደጅ ላለመሄድ ብዙ ታገለች። አንድ ሐሙስ ግን እግሯ ወሰዳት።

“ጥቁር አዝሙድ ነበር...” አለች፣ ድምፅዋን አወፍራ።

“ትናንት የተነፋ ነው፣ ልጄ። እዪው።”

ሰሚሐ ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አሸችው፣ እፍ አለችው፣ ከቀረው ሁለት ፍሬ ቀመሰች። ሳታስበው ነው። እንዲህ እያሹ፣ እፍ እያሉ መምረጥን ያስተማረቻት ደግሞ ከፊቷ የቆመችው ሴት ናት። ኡሙሰልማ ያንን እጅ አየች። መስፈሪያው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ያዘችው። ሞልታ ሰፈረች፣ ምራቂውን እፍኝ ሙሉ ጨምራ ሰጠቻት።

እናት አወቀች! ለምን ዝም አለች? ብትጠራት ገበያው ይሰማል፣ አባቷ ይዋረዳል፣ ልጅቱም ዳግመኛ አትመጣም ብላ ፈራች። ራሷ ገልጣ እስክትነግረኝ እጠብቃታለሁ አለች በልቧ። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ምራቂው ጨመረ። ጎረቤቷ እናትዓለም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሻጯ፣ “ኡሙ፣ ለኔ እንዲህ መርቀሽልኝ አታውቂም! ይህች ሴትዮ ምን አስነክታሻለች?” ብላ ስትቀልድ፣ “አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ” ትላታለች። ስለ ልጇ የጠየቃት ካለ ደግሞ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ “ሰሚሐማ ዩኒቨርሲቲ ናት! ፈተና ደርሶባታል” ትላለች። የልጇን ስም ለመሸፈን ነበር። ሰሚሐ ግን ከኒቃቡ ውስጥ ሆና ይህን ስትሰማ፣ እናቴ በዚህ ተስፋ ነው የቆመችው፣ እውነቱን ብነግራት እገድላታለሁ አለች። አንዷ ለሌላዋ ስትል አጥሩን አጠበቀችው...

ጥር ሳያልቅ ኡሙሰልማን ትኩሳት ያዛት። ወባ ለሐይቅ ዳር ሰው እንግዳ አይደለችምና “ያልፍልኛል” ብላ ሁለት ቀን ሱቅ ዋለች። ሆስፒታል ሲያደርሷት ወባዋ ጭንቅላቷ ላይ ወጥታ ነበር። አመሻሽ ላይ ዓይኗን ገለጠችና የባሏን እጅ ያዘች።

“ሰሚሐን ጥሩልኝ።”

“ፈተና ላይ ናት እኮ፣ ኡሙ። ትጨርስና ትመጣለች።”

“እዚህ ናት። እዚሁ ከተማ... ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች። ጥሩልኝ ብያለሁ!”

ሙሀመድየሱፍ ፊቱን ወደ ልጁ አዞረ። “ትኩሳቱ ነው” አለ። ያን ጊዜ የአብዱልበሲጥ ስልክ ጮኸ። ሰሚሐ ነበረች። አባትየው እንዳትነግራት ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ልጁ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

“በሲጥ፣ እማ የለችም?”

“ተኝታለች። ደክሟት ነው። አንቺስ? ፈተናው?”

“ነገ... ነገ ሒሳብ አለብኝ።”

“በርቺ በቃ። ሌላ ነገር አታስቢ።”

ሁለት ውሸት በአንድ ሽቦ ላይ ተገናኝተው ተሳሳሙ። ከሆስፒታሉ እስከ ሽምብጥ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? ኡሙሰልማ ሌሊቱን እየቃዠች፣ ያንኑ “እዚህ ናት” እያለች፣ ጎሕ ሲቀድ ነፍሷ ወጣ። በዕለቱ ተቀበረች። ሰሚሐ ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳትረዳ ሙሀመድየሱፍ ለመነ፤ ገበያው፣ ሰፈሩ፣ ጀማዓው ሁሉ ዝም ሊል ተማማለ።

ሐሙስ ደረሰ። ኒቃብ የለበሰችው ደንበኛ መጣች። ሱቁ ተዘግቷል።

“ማንን ነው?” አለች እናትዓለም።

“ባለቤቷን...”

“ወይኔ እህቴ፣ አልሰማሽም? ሰኞ ቀበርናት። ወባ ናት የወሰደችብን።” ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። “አደራሽን ግን ከወሬ እንዳትገቢ። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ አልተረዳችም። ፈተና ላይ ናት ተብሎ ሁላችንም ደብቀናታል። ድንገት ብታገኚያት እንኳ አደራ!”

ደንበኛዋ የቆርቆሮውን በር ያዘች።

“አንቺን ደግሞ እንዴት ትወድሽ ነበር! ያቺ ትኩሳት አምታትታባት፣ መጨረሻዋ ላይ አንቺን ልጄ ናት ስትል ነበር አሉ። ሰሚሐ እዚህ ናት፣ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ ጥሩልኝ እያለች... ማን ይጥራላት? ምስኪን!”

ሰው እናቱ ስትሞትበት ይጮኻል። ደረቱን ይመታል፣ መሬት ይወድቃል። ይህች ልጅ ግን ለመጮኽ እንኳ ስም አልነበራትም! ጩኸቷን በጨርቁ ውስጥ ነክሳ፣ ሰው እየገፋች ከገበያው ወጣች።

ቤታቸው ደጅ ድንኳን ተተክሏል። የቁርኣን ድምፅ ይሰማል። አጥሩ ሥር ቆማ ደወለች። አብዱልበሲጥ ከድንኳኑ ወጥቶ ድምፁ ወደማይሰማበት፣ ወደ አጥሩ መጣ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ታየዋለች። እንባውን በእጅጌው ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያ... ሳቀ።

“ሄሎ ዶክተሯ!”

“እማ እንዴት ናት?”

“እማ? ሰላም ናት። ገበያ ናት። ሐሙስ አይደል፣ ሥራ በዝቶባት...”

“አቅርባት።”

“ተይ እንጂ ሰሚ። ፈተናሽን ጨርሺና ትጠግቢያታለሽ።” ግንባሩን አጥሩ ላይ ደገፈ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ግን ይስቃል።

ሰሚሐ ኒቃቧን አወለቀችና በሩን ገፋችው። ሁለቱም ስልኩን ከጆሯቸው አላወረዱም።

“ወደቅሁ፣ በሲጥ። አምና ነው የወደቅሁ። እዚሁ ነበርሁ።”

አብዱልበሲጥ አያት፤ እጇ ላይ ያለውን ኒቃብ አየ። “እዚህ ናት ስትል ነበር” አለ። “ስልኩ እጄ ላይ ነበር፣ ሰሚ። ቅዠት ነው አልናት... እማን ቅዠት ነው አልናት!” ስቦ አቀፋት፤ ተያይዘው ወደቁ። ሙሀመድየሱፍ ከድንኳኑ ወጥቶ ልጆቹን ተቃቅፈው መሬት ላይ ሲያይ፣ መቁጠሪያው ከእጁ ተበተነ። ሲነገረው ዝቅ ብሎ አጠገባቸው ተቀመጠና የሰሚሐን ራስ በእጁ ያዘ። “እኔን እንዲህ ያህል ፈራሽኝ?” አለ። “የአላህ ቀደር ነው፣ ልጄ። ቀደር ነው...”

የአንድ ሐዘንተኛ አባት እምነት ላይ አልከራከርም። ቀደር ብሎ ካልተጽናና በምን ይጽናናል? ሌሎቻችን ግን ዕጣ ነው ብለን እጃችንን አንታጠብ! ወባዋን ዕጣ በሉት፣ እሺ። መምህር የሌለበትን ክፍል ዕጣ አመጣው? አንዲትን ልጅ ለሦስት ነጥብ ብሎ ከእናቷ ደጅ ባዕድ ያደረገውን ፍርድስ ማን ጻፈው? ሪሚዲያል የሚያስፈልገው ማን ነው? እሷ ናት ወይስ እኛ?

ሐዘኑ ሲያልፍ አብዱልበሲጥና ሰሚሐ ሱቁን ከፈቱት። ፊቷ ተገልጧል። እናትዓለም አይታት፣ ድምፅዋን ሰምታ፣ ያቺ የሐሙስ ደንበኛ እሷ እንደነበረች ስታውቅ፣ ነጭ ሽንኩርቱን በትና አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ከመስፈሪያው ኋላ፣ ለብቻው፣ በንጹሕ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ተቀምጦ ነበር። ኡሙሰልማ ትኩሳቱ ሳይጥላት ለሐሙስ ያዘጋጀችው ጥቁር አዝሙድ ነው፤ ምራቂው ከተለመደው መስፈሪያ እጥፍ ሆኗል። ሰሚሐ ፈታችው። ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ አሸችው፣ እፍ አለችው። ገለባ አልነበረበትም። እናቷ ቀድማ እፍ ብላዋለች...