ጓንት ላይ የተቀባ አልኮል

«ራይት አድርጊያት! አልኮል ነክታለች እኮ» አለች ጓደኛዋ ፍልቅልቅ በሹክሹክታ፣ ዓይኗን ከሒሳብ መጽሐፉ ሳታነሳ።

መርፌ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ እንደቀሰረች ቀረች። መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍል ጓደኞቿ ናቸው፤ ምላሷ ስለሚዋጋ። እሷም ቅር አላላትም፣ እንዲያውም ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ከመምህር ጋር ስትከራከር እንኳ ቃል አጥሯት አያውቅም። ዛሬ ግን ቅጽ ላይ ላለች አንዲት ትንሽ ሳጥን የሚሆን ምልክት አጥታ እጇ ተንጠልጥሏል። ጓንቷን እንዳጠለቀች ከአልጋ አራት ወደ አልጋ አምስት የተሻገረችው ነርስ እናቷ ናት።

ሁለቱ ጓደኛሞች ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች በተኙበት ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጡ ሁለት ሰዓት ሆኗቸዋል። ላያቸው ሰው ዘመድ እየጠበቁ የሚያጠኑ ተማሪዎች ናቸው። ከመጽሐፉ ሥር ግን እጁን ያጸዳና ያላጸዳ ሠራተኛ የሚቆጠርበት ቅጽ አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሦስት ሕመምተኞች ቁስል በአንድ ዓይነት ተሕዋስ አመርቅዟል። ተሕዋሱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው እጅ ሳይሆን አይቀርም ያሉት የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት።

«እኔ ስገባ ሁሉም እጁን ይታጠባል፤ ስወጣ ቧንቧው ያርፋል» ብለው ነው ከትምህርት ቤቱ የጤና ክበብ ሁለት ልጆች የጠየቁት። ሁለት ቀን ሙሉ አሠለጠኗቸው። ስም አይጻፍም፤ ሙያና የአልጋ ቁጥር ብቻ። እጁን ላጸዳ ራይት፣ ላላጸዳ ኤክስ። «ጓንት ላይ የተቀባ አልኮል ደግሞ አይቆጠርም። ጓንቱ ይወልቃል፣ ባዶ እጅ ይታሻል፣ አዲስ ጓንት ይጠለቃል። ቆጣሪ ዓይን እንጂ አፍ የለውም። ሰው ሊጎዳ ሲል ካያችሁ ግን ወረቀቱ ገደል ይግባ፤ ተናገሩ!»

የመርፌ እናት የዚህ ክፍል ሠራተኛ አይደለችም። ድንገተኛ ክፍል ነው የምትሠራው። ደም ሥሩ የጠፋ ሕመምተኛ ሲመጣ ሐኪሞቹ ሳይቀሩ «እሷን ጥሯት» ይላሉ። ዛሬ ጠዋት የታመመች ባልደረባዋን ልትተካ ስትገባ ልጇን አይታ ደንግጣ ነበር።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«የክበብ ሥራ አለን።»

«ያው መንገድ እንዳትዘጉብኝ» ብላ አለፈች።

መርፌ ያኔ ደስ ብሏት ነበር። የእናቷን ሳጥኖች በሙሉ በራይት እንደምትሞላቸው እርግጠኛ ነበረች።

አልጋ አራት ላይ የተኛው ግንበኛ ቁስሉ ካመረቀዘባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። እናቷ ፋሻውን ፈታች፣ መግሉን ጠረገች፣ አጠበችው፣ በአዲስ ፋሻ ሸፈነችው። እጇ ሲሠራ ማየት ያስደስታል። ከዚያ ከአልጋው ግርጌ ካለው ጠርሙስ አልኮል ጨመቀችና ጓንቱን በጓንት አሸት አሸት አድርጋ ወደ አልጋ አምስት ዞረች።

አልጋ አምስት ላይ ያሉት በጡረታ የተገለሉ የሒሳብ መምህር ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ትናንት ነው ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው። እናቷ እጃቸው ላይ የተሰካውን የግሉኮስ ቱቦ ከፍታ መድኃኒት ሰጠቻቸው።

«እናንተ ልጆች!» አሉ መምህሩ ቀና ብለው፤ «አንድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት? ከከበዳችሁ አምጡት፣ እኔ እዚህ ሥራ ፈትቻለሁ።»

ፍልቅልቅ ሳቋን አፍና «ራይት አድርጊያት!» ያለቻት ይሄኔ ነው።

መርፌ ቀና ስትል እናቷ አልጋ ስድስት ደርሳለች። አልጋ ስድስት ላይ ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ ሆዷን ገልጣ ትጠብቃለች፤ ስፌቷ ሊታይ ነው። ያው ጓንት ወደ ፋሻዋ ተዘረጋ።

«እማዬ፣ ቆይ!»

መቼ እንደተነሳች ለራሷም አልታወቃትም። መጽሐፉ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ቅጹ ብቅ አለ።

እናቷ ዞረች። «ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«ጓንትሽ። በሱ የአልጋ አራትን ቁስል አጥበሽበታል።»

ግንበኛው አንገቱን ወደ እነሱ አዞረ።

«አልኮል ቀብቼዋለሁ» አለች እናቷ ቀስ ብላ። «አንቺ ሳትወለጂ እንዲህ ስሠራ ነው የኖርኩት። አንድ ጥንድ ጓንት ለሦስት ሰው በምናብቃቃበት ጊዜ...»

«አሁን ካርቶን ሙሉ አለ። አልኮሉ የተሠራው ለእጅ ነው እማዬ፤ ጓንት ላይ ሲሆን ጓንቱን ይበሳሳዋል፣ የያዘውንም በደንብ አያነሳለትም።»

«የማን ልጅ ናት?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከትራሷ ቀና ብላ።

«የኔ» አለች እናቷ ጥርሷን ነክሳ።

«ምላሷ ከመቀሴ ይብሳል! ብቻ ሲስተር፣ አትቀየሚኝና ለኔ አዲሱን ጓንት አርጊልኝ።»

እናቷ ጓንቷን ገልብጣ አወለቀችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። እጇን ስትታጠብ ውኃው ከወትሮው ጠንክሮ ወረደ። አዲስ ጓንት ይዛ በመርፌ አጠገብ ስታልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቤት እንገናኛለን» አለቻት። የልብስ ሰፊዋን ስፌት እንደ ሁልጊዜው አሳምራ ጨርሳ፣ ጓንቱን አውልቃ፣ እጇን አሽታ ወጣች።

ፍልቅልቅ መጽሐፉን ከወለሉ አነሳችና «በቃ፣ አለቀ» አለች። «ታርማለች። የአልጋ ስድስትን ዝለያት፣ ነግረሻት ስለታጠበች አትቆጠርም። የአልጋ አምስትን ደግሞ ላሽ በያት። ማንም አላየም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

«ከኔና ካንቺ ሌላ ማለቴ ነው! እናትሽ ናት መርፌ። በዚህ ሰዓት አልጋ አምስት ጋ የነበረች ነርስ ማን እንደሆነች የማያውቅ አለ?»

መርፌ ዓይኗን ወደ አልጋ አምስት መለሰች። ስለ ሳጥኗ ማሰብ ትታለች፤ የምታስበው ስለ ቱቦው ነው። ቁስል ሲያመረቅዝ ይታያል፣ ይታጠባል። ያ ቱቦ ግን በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው፤ ያውም ስኳር ያለበት ሰው ደም ውስጥ። ዝም ካለች ቱቦው እዚያው ተሰክቶ ይሰነብታል። ደግሞስ እናቷ ቱቦውን ስትከፍት እሷ ምን እየሠራች ነበር? ራይት ወይስ ኤክስ እያለች እስክሪብቶ ቀስራ ተቀምጣ ነበር።

ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ሁለት መስመር አሰመረች፤ ኤክስ።

«የገዛ እናትሽን?» አለች ፍልቅልቅ።

«የአልጋ አምስትን ነርስ» አለች መርፌና ተነሳች።

የነርሶቹ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። የእናቷ ድምፅ ከውስጥ ይሰማል፤ ባልደረቦቿ ይስቃሉ። «በሰው ፊት እኮ ነው! ጓንትሽ ትለኛለች፣ እኔን! ወገቧን ይዛ ብታዩዋት! የኔ ነገር፣ ያጠባኋትን ጡት ነው የነከሰችኝ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አለ፤ ከቁጣው ሥር ግን ኩራት የሚመስል ነገር ይሰማል። አሁን ገብታ አብራ ብትስቅ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ቤት ሲገናኙም የሚጠብቃት አንድ ቁንጥጫ ቢሆን ነው።

መርፌ በሩን ገፋችው።

«እማዬ፣ አልጋ አምስትም አለ።»

እናቷ ወደ አፏ ያስጠጋችውን ብርጭቆ ያዝ አደረገች።

«መድኃኒት ስትሰጪያቸው በዚያው ጓንት ነበር። ቱቦውን ከፍተሽ። እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ።»

ሳቁ ቆመ። እናቷ ልጇን አየቻት፣ ቀጥላም የገዛ እጇን። ክፍሉ ውስጥ ያደረገችውን አንድ በአንድ መልሳ እየሄደችበት እንደሆነ ከፊቷ ይነበባል። ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«እውነትሽን ነው» አለች በመጨረሻ። «ከፍቼዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልዘገየችም። ቁም ሳጥኑን ከፍታ አዲስ ቱቦና የደም ሥር መርፌ አወጣች። አንዷን ባልደረባዋን «ለሐኪሙ ንገሪልኝ፤ የአልጋ አምስት ሙቀት በየአራት ሰዓቱ ይለካ» አለቻት። ሌላዋን ደግሞ «ኃላፊዋን ጥሪልኝ፤ ከሰው አፍ ሳይሰሙ ከኔው ይስሙት።»

«ለመምህሩስ ማን ይነግራቸዋል?» አለች መርፌ።

«እኔ ነኛ! እጁ የኔ አይደል?»

«ዝም ያለው አፍ ደግሞ የኔ ነው። አብሬሽ እመጣለሁ።»

እናቷ አዲሱን ቱቦ በሁለት እጇ ያዘች። በትከሻዋ በሩን ገፋችላት። መርፌ ወረቀቷን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወደ አልጋ አምስት ቀድማ ሄደች።