ሦስት ሰዓት የቀደመው ኮምፒውተር

ጋኔን፣ መንፈስ፣ ጥላ ምናምን ሲባል ስስቅ ነው የኖርኩት። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም፣ የተጣሉትን እየፈታታሁ ራሴ ነኝ የተማርኩት፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ካለችው ሱቄ ሳይነሳ የወጣ ማሽን የለም፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች እንኳ ሲያቅታቸው ወደ እኔ ነው የሚመጡት። ስለዚህ የምነግራችሁን የፈሪ ወሬ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤቴ ለተብርሃን የልጇን የክብሮምን ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልላ አመጣች። ክብሮም በጦርነቱ ጊዜ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም፣ መርዶው መጥቷል፣ እሑድ ተዝካሩ ነው፣ ፎቶው ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።

"አቦይ ተክለ፣ እሱ ከሄደ ማንም አልነካውም፣ ይነሳ ይሆን?"

"እኔ እጅ ገብቶ? አጆኺ ጓለይ፣ አይዞሽ ልጄ!"

ልጁ ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉ ሁለት ሲስተሞች ጎን ለጎን ጭኖበታል፣ ሲበራ አንዱን ምረጡ የሚለው ዝርዝር ጠፍቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። ያለቀውን የሰዓት ባትሪ ቀየርኩ፣ ሰዓቱን ሞላሁ፣ ዝርዝሩንም በፍላሽ አስነስቼ በሃያ ደቂቃ መለስኩት። ዊንዶውስን መረጥኩ፣ ምርጫው ወደ ሊኑክስ ወረደ። መለስኩት፣ ወረደ። ቁልፉ ተጣብቆ ነው ብዬ የኪቦርዱን ገመድ ነቀልኩ፣ እመኑኝ፣ ገመዱ እጄ ላይ እያለ ወረደ።

"እሱም በዚያኛው ነበር የሚሠራው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኪቦርዱን መልሼ ሰካሁት፣ ሊኑክስ ተነሳ፣ የይለፍ ቃሉን ነገረችኝ፣ ሔለን፣ የእህቱ ስም ነው። ፎቶው ተገኘ፣ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ዕውቀቴን ላሳያት ብዬ ከእኛ በፊት ማን እንደገባ የሚያሳየውን መዝገብ ከፈትኩላት፦ ክብሮም፣ ዛሬ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት።

"ዛሬ? እዋይ አቦይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት እኮ ገና ነው!"

ሳቅሁ። ሁለቱ ሲስተሞች ሰዓት ላይ አይስማሙም፣ በእኛ አገር ሊኑክስ ሦስት ሰዓት ይቀድማል፣ የታወቀ ነገር ነው አልኳት። አመነችኝ፣ ምርጫው የሚወርድበትን እስካስተካክል ማሽኑን እኔ ዘንድ ትታ ፎቶውን በፍላሽ ይዛ ሄደች። የሰዓቱን ነገር አስረዳኋት፣ የገባው ማን እንደሆነ ግን ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ።

ማሽኑን አጠፋሁ፣ ሶኬቱንም ነቀልኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ልዘጋ ስል ከኋላዬ ኪቦርዱ ጠቅ ጠቅ አለ፣ አምስት ጊዜ በቀስታ፣ ስድስተኛው ጠንከር ብሎ። የእህቱ ስም በላቲን ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፣ ስድስተኛው የማስገቢያው ቁልፍ ነው። ዞሬ አላየሁም፣ በሩን ሳልቆልፍ ነው የሄድኩት።

ጠዋት ማሽኑን መልሼ ሰክቼ መዝገቡን ከፈትኩ። አንድ መስመር ተጨምሯል፦ ክብሮም፣ እሑድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። የተዝካሩ ጸሎት የሚጀመርበት ሰዓት ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ተዝካሩን አቁሚ ልበላት? ልጁ ባይመጣስ? ዝም ልበል? ቢመጣስ? ቅድም ደወለችልኝ።

"አቦይ፣ እንግዳ ሳይመጣ ኮምፒውተሩን ክፍሉ ውስጥ ልመልሰው ነበር፣ ዳነ?"

"አቅቶኛል" አልኳት፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።