ካልሲ ማልበስ ያቃተው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊ ሆኖ ካልሲ ማልበስ ያቃተው ሰው ነርሷ አይታም ሰምታም አታውቅም። መጠርጠር የነበረባት ያኔ ነው። የወደደ ሰው ግን መጠርጠር አይሆንለትም።

የልብስ ሰፊው እናት እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ከታከሙ በኋላ፣ ሐኪሙ እግር አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ካልሲ አዘዘላቸው። ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ፣ እግራቸው ሳያብጥ ይለበሳል፤ ማታ ሲተኙ ይወልቃል። ማውለቁ ለልጃቸው ቀላል ነበር። ማልበሱን ልታስተምረው ከጤና ጣቢያ የተላከችው ነርስ ግን ሦስት ቀን ይበቃዋል ብላ መጥታ አራት ወር ተመላለሰች።

«እስከ ተረከዙ ገልብጠው። አሁን ጣቶቹን አስገባ። ቀስ እያልክ ወደ ላይ። እንዳይሸበሸብ!»

«ይኸው ተሸበሸበ፣ ሲስተር» ይላል ደስ ብሎት።

«ጉድ ነው! ሱሪም የምትሰፋው እንዲህ ነው?»

«ሱሪ ስሰፋ አንቺ አጠገቤ የለሽማ።»

ትስቃለች። በላስቲክ ጓንት የተሸፈነ እጃቸው ሲነካካ ሁለቱም አያሸሹትም። እናትየው ያላዩ መስለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ለዚህ ስትል በማለዳ ከቤቷ ትወጣለች። አባቷ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ጉልበታቸው ስለከዳቸው ከአልጋ የምታነሳቸው እሷ ነበረች።

«እስክመለስ እንዳትነሳ፣ አባዬ።»

«ሂጂ ባክሽ፣ እኔ የት እሄዳለሁ?» ይሏታል።

አንድ ጠዋት መጠበቅ ሰለቻቸው። ብቻቸውን ሲነሱ ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ወር ሳይሞላ አረፉ። በወደቁባት ሰዓት እሷ የሰው እናት እግር ሥር ተንበርክካ ትስቅ ነበር። ነገሩ ቢያንገበግባትም፣ ሴትዮዋ ሌላ የሚያለብሳቸው የለም እያለች ራሷን አጽናናች።

ከሐዘን ወደ ሥራ ስትመለስ እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ካልሲው እግራቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብላ ዳሰሰችው። ተረከዙ ቦታውን ይዟል፤ አንዲት ሽብሽብ የለችበትም።

«ማን አለበሰዎት፣ እማማ?»

«ልጄ ነዋ! እሁድ እሁድስ ማን የሚያለብሰኝ መስሎሻል? እጁ እኮ ካንቺም ይለሰልሳል።»

እሱ ግን እሁድ እሁድ ከአልጋ አይወርዱም ብሎ ነበር የነገራት። ቀና ብላ አየችው። በሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር እያፍተለተለ መሬት መሬት ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትችለው?»

«ከሁለተኛው ቀን» አለ። «ከቻልኩ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ክፋት አስቤ እንዳይመስልሽ። እወድሻለሁ።»

አራት ወር ሙሉ ይህችን ቃል ስትጠብቅ ነበር። አሁን ስትሰማት እሬት እሬት አለቻት። እሷም ትወደዋለች፤ ክፋቱ ይኸው ነው። ብትጠላው ሰድባው ትወጣ ነበር። ጓንቷን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እናትየው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እሷን ያያሉ።

«ነይ ብትለኝ እኮ እመጣ ነበር» አለችው። «ያለ ካልሲ፣ ያለ ምንም። ከሰዓት በኋላ፣ አባቴን አንስቼ፣ ምሳውን አብልቼ።»