በሐመሩ ሐ

«ሰርቨር አይዋሽም! የሚዋሸው ሰው ነው» አለች ሮዳስ፣ ያውም ከቅዳሜው ልምምድ በኋላ የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ሁሉ ባሉበት።

በሩ ላይ የቆመችው ሐጀራ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ወጣች። ገመድ እየጠቀለሉ ከነበሩት አንዱ «ተኝታ ቀርታ ነው ባክህ!» ብሎ ሙድ ያዘባት፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቃቂ ያለው ትምህርት ቤታቸው በፈረቃ ነው የሚያስተምረው፤ የጠዋቶቹና የከሰዓቶቹ አይገናኙም። ስልክ እንደሆነ ከእናት አባት ኪስ አይወጣም። ስለዚህ የክበቡ ልጆች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮግራም ሠሩ፤ ጠዋት የተጻፈው ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ይቆይና ከሰዓት የሚመጣው ስሙን አስገብቶ ሲከፍት ያገኘዋል። ስም ፈልጎ መልእክቱን ለባለቤቱ የሚያደርሰውን ክፍል የጻፈችው ሮዳስ ናት። በዚህም ትንሽ ትኮራለች። ኧረ ትንሽ እንኳን አይደለም!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍለ ከተማው በሚያዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ይህንኑ ሥራ ቆማ እንድታስረዳ የተመረጠችው ሐጀራ ነበረች። ልምምዱ ከሰዓት መሆኑ ቀርቶ ወደ ጠዋት ሲዞር፣ የጠዋቱ ፈረቃ ዘካሪያስ ዓርብ በፕሮግራሙ ጻፈላት። እሷ ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ደረሰች። «ወላሂ ምንም አልደረሰኝም» ብትል ማን ይስማት! ዘካሪያስ ስክሪኑን አዙሮ አሳየ፤ «ለሀጀራ፦ ተልኳል» ይላል። ክበቡን የሚመሩት ቲቸር ሀብተሚካኤልም አዝነው በቦታዋ ሮዳስን ተኩ። ሮዳስ ደግሞ ያን መድረክ ከመጀመሪያውም ተመኝታው ነበር።

እሁድ እናቷ ሳሙና እንድትገዛ ላከቻት። ቅርቡ ሱቅ የሐጀራ አባት የጋሽ ረሻድ ነው።

«እማ፣ ከሌላ ሱቅ ብገዛስ?»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ደንበኛዬን ጥዬ የት ልሂድ!»

ባንኮኒው ጋ የቆመችው ራሷ ሐጀራ ነበረች። ሳሙናውን አውርዳ ፊቷ አስቀመጠችላት።

«ሮዲ፣ በናትሽ፣ አንቺም ዋሽታለች ብለሽ ነው?»

ሮዳስ ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ቀና ብላ ከሱቁ በላይ ያለውን ታፔላ ማንበብ ጀመረች። ጋሽ ረሻድ በልጃቸው ስም ያሠሩት ታፔላ ነው። ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ አንድም ቀን ግን አላነበበችውም። «ሐጀራ ሸቀጣ ሸቀጥ።» በሐመሩ ሐ።

የዘካሪያስ ስክሪን ላይ የነበረው ግን ሃሌታው ሀ ነበር።

«ስትመዘገቢ ስምሽን በየትኛው ሐ ነው የጻፍሽው?»

«እንደ ታፔላው ነዋ! አባባ በሌላ ተጽፎ ካየ ያብዳል።»

ሮዳስ ዞራ ሮጠች። «ኧረ ሳሙናሽን!» ብላ ሐጀራ ከኋላዋ ጮኸች።

ሰኞ ደወል ሳይደወል ሮዳስ ኮምፒውተር ክፍል ገባች። በሰው አፍ ሀም ሐም ኀም አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። ዘካሪያስ ሐን የሚያወጣውን የሺፍት ቁልፍ ሳይጫን ጻፈ፤ ማሽኑ «ሀጀራ» የምትባል ፈልጎ አጣ፤ መልእክቱንም ባለቤት ያጡት የሚቀመጡበት ቦታ ወረወረው። ታዲያ «ተልኳል» ማለቱ ምንድን ነው? ይሄንንም የጻፈችው እሷው ናት፤ የመላኪያው ቁልፍ እንደተነካ፣ ሰውየው ይገኝ አይገኝ ሳይታወቅ፣ «ተልኳል» እንዲል አድርጋ። ያኔ ቸኩላ ነበር። አሁን አፈረች።

ማስተካከሉ ብዙ አላስቸገራትም። ፍለጋው ከመጀመሩ በፊት ሐንና ኀን ከነዘሮቻቸው እንደ ሀ እንዲቆጥር አደረገች። ሠን ከሰ፣ ዐን ከአ፣ ፀን ከጸ ጋር አስታረቀች። ስም ሲያጣም «አላገኘሁም» እንዲል አዘዘችው። በሁለቱም ፊደል ሞከረችው፤ ሠራ።

የቀረው ያ መልእክት ነው። ሰርቨሩን እንደገና ካስነሳችው ከተጻፈበት ቀን ጋር ወደ ባለቤቱ ያልፋል፤ ከሰዓት ሐጀራ ትከፍተዋለች፤ ስህተቱ የማን እንደሆነም ይታወቃል። ብታጠፋው ግን ማን ያያል? ቲቸር «ጎበዝ፣ አሻሻልሽው» ይሏታል፤ ቅዳሜም መድረኩ የእሷ ነው። ጣቷ ማጥፊያው ዲሊት ላይ አረፈ።

«እንዴ፣ በጠዋቱ?» ዘካሪያስ ነው፤ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። «ተበላሽቶ ነው?»

«የለም፣ እያሻሻልኩ ነው» ልትል አፏን ከፈተች። እናቷ ነገር ባመለጣት ቁጥር የምትለው ታወሳት፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ባለፈው ቅዳሜ ራሷ የተናገረችው እስካሁን ያማታል። ሐጀራንማ እንዴት አሟት ይሆን!

ጣቷን አነሳች።

«አዎ፣ ተበላሽቶ ነበር» አለች። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አትቀልጂ!»

«የምሬን ነው። አንተም ልከሃል፣ እሷም አልደረሳትም። ለቲቸር እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ሰርቨሩን አስነሳችው። ባለቤት ያጡት የሚቀመጡበት ቦታ ባዶ ሆነ። ከዚያ ለክበቡ ሁሉ የሚደርስ አዲስ መልእክት ከፈተችና «ሀጀራ አልዋሸችም» ብላ ጻፈች።

ቆም ብላ አየችው። አሁን በየትኛውም ቢጻፍ ይደርሳል። ቢሆንም ተመልሳ የመጀመሪያዋን ፊደል አጠፋችና ሺፍት ተጭና በሐመሩ ጻፈችው።