ሽቦው የተነቀለው ሁለተኛ ተጫዋች

ጂን ታየ፣ መንፈስ አንኳኳ ሲባል «አቦ ተወኝ!» ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያላዘዙትን አይሠራም፣ ሲበላሽም ምክንያት አለው። ይሄኛውን ግን፣ እመነኝ፣ እስከዛሬ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁለትም።

ጅጅጋ ላይ ጌም ቤት የከፈትነው ከጓደኛዬ ከጉሌድ ጋር ነበር። አንድ ነጋዴ ከጅቡቲ በደወሌ በኩል ያስገባውን፣ ስክሪኑ የተሰበረ ትልቅ የቁም መጫወቻ ማሽን በርካሽ ገዛንና ሆዱን ብንከፍተው ውስጡ ያው ተራ ኮምፒውተር! ጉሌድ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ የእኛ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ገጠመው፣ ጨዋታው የራሱን ቁልፎች ካላየሁ አልነሳም ብሎ ስንት ቀን አንገበገበን፣ በመጨረሻ አንድ ኪቦርድ ፈታትቶ ሽቦውን ከማሽኑ ቁልፎች ጋር ቢበይደው ተነሳ። ያን ቀን እንደ ሕፃን ነው የጨፈርነው።

ከዚያ ጉሌድ በተህሪብ፣ በድብቁ የስደት መንገድ ሄደ፣ ሳይሰናበተኝ፣ በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕር። ከሱዳን አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ዝም። ናፈቀኝ፣ ምን ልበልህ፣ ወንድም የለኝም፣ ወንድሜ እሱ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ሞቷል፣ ዓርብ አስከሬን ባይኖርም የሙት ሰላት ይሰገድለት» አሉ፣ እናቱ ግን፣ እኔም እንደሱ ሆዮ፣ እናቴ፣ ነው የምላቸው፣ «ጓደኛው ምንም አልሰማሁም ካለ ብቻ» ብለው ሐሙስ መጥተው ሊጠይቁኝ ቀጠሩኝ።

ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ለጫት ሲቀመጥ፣ ብቻዬን ያን ጨዋታ ከፈትኩ። የሁለተኛውን ተጫዋች ሽቦ እኔ ራሴ ለሌላ ሥራ ነቅዬዋለሁ፣ ይሄን ያዝልኝ። ትንሽ እንደተጫወትኩ በቀኜ በኩል፣ ከሁለተኛው ተጫዋች ቁልፎች፣ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ አለ። አይጥ ነው አልኩ። ሁለተኛው ተጫዋች ስክሪኑ ላይ ገባ። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ነው አልኩ። ግን በሩ ጋ ስንደርስ ቆሞ አሳለፈኝ፣ ሕይወት የሚጨምረውንም ሣጥን ሳይነካ ለኔ ተወልኝ፣ እንደዚያ የሚጫወት ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ሆዮ መቼ እንደገቡ አላየሁም።

«ማነው ከአንተ ጋር?»

«ማንም የለም ሆዮ፣ ሽቦው ተነቅሏል።»

ባዶውን ወንበር አዩ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ጌም ምን እንደሆነ እንኳ የማያውቁ ሴት።

«ጠይቀው» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እንስገድለት ወይስ እንጠብቀው?»

አፌን ከፍቼ ጠየቅኩ፣ እኔ! ሁለተኛው ተጫዋች ቀጥ ብሎ ቆመ። ቁልፉ አንዴ ጠቅ አለ፣ ወዲያው መብራት ሄደ። ያቺ አንዷ ጠቅታ ለየትኛው መልስ እንደሆነች እስከዛሬ አላውቅም።

ሆዮ ግን «ልጄ በሕይወት አለ» ብለው ወጡ። ማታ ሽማግሌዎቹ ጠርተው ሲጠይቁኝ፣ ጨክኜ ምንም አልሰማሁም ማለት አቃተኝ፣ «ሰምቻለሁ» አልኳቸው። ዓርብ አልተሰገደም፣ እስከዛሬም አልተሰገደም። ሞቶ ከሆነ ሰላቱን የከለከልኩት እኔ ነኝ።

ሆዮ አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይመጣሉ፣ ጨዋታውን እከፍትላቸዋለሁ፣ ስክሪኑን እያየን እንጠብቃለን። ማንም ሳይገባ ሲቀር ነጠላ ጫማቸውን እየፈለጉ «ዛሬ ደክሞት ይሆናል» ይሉኛል፣ እኔም «ይሆናል፣ ሆዮ» እላለሁ።